የማያዳልጥ መንገድ የሠሩልን የአቶ ሊንዚ ፓስኮ ሕይወት

አቶ ሊንዚ ፓስኮ ከአባታቸው ከአቶ አርተር ፓስኮና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይቪ ትሬሊስ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1944 በኒውዚላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ በከሰል ማዕድን ከተማችን በሩናንጋ ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ኦድሪ ነኝ። ዕድሜ ልኬን “አንተ” ስላቸው ኖሬ ዛሬ ወረቀቱ “እርሳቸው” አሰኘኝ፤ ቢሰሙኝ ኖሮ በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

በሩናንጋ ትምህርት ቤት በሒሳብ ጎበዝ፣ በጽሕፈት ግን እጅግ ሰነፍ እንደነበሩ የምስክር ወረቀታቸው ራሱ ይመሰክራል። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ትምህርቱን ትተው የባቡር ሐዲድ ድልድይ ከሚሠሩ አናጢዎች ጋር ተቀጠሩ፤ በዚያም ሠላሳ ዓመት አገለገሉ።

እኔ በሁለት ዓመቴ የልጅነት ልምሻ እግሬን ስለወሰደው ወንበሬን እየገፉ ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው። ውለታቸውን አልረሳም። ሆኖም ሲገፉኝ መሄድ የሚፈልጉበት ይወስዱኛል እንጂ እኔ መሄድ የምፈልግበት አይደለም፤ ይህንንም አልረሳም።

በ1968 ከወይዘሮ ግሌኒስ ሆጅ ጋር ተጋብተው ክሬግንና ታንያን ወለዱ። ቤታቸው ከቤቴ ጎን ነው። ከጓሯችን እስከ ባሕሩ ስድስት መቶ ሜትር ረግረግ አለ፤ በላዩ የእንጨት ርብራብ ተዘርግቶበታል። በእኛ አገር ዝናብ እንደሆነ አያባራም፤ እንጨቱም አረንጓዴ ልጋግ ይለብሳል።

በሰኔ 1989 ማንንም ሳላስከትል ወደ ባሕሩ ስሄድ ርብራቡ አዳለጠኝና ከነወንበሬ ረግረጉ ውስጥ ገባሁ። እስከ ደረቴ ተዘፍቄ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ፈልገው ያወጡኝ ሊንዚ ናቸው።

“ከእንግዲህ እኔ እገፋሻለሁ፣ አለቀ!” አሉኝ።

“ከምትገፋኝ እዚያው ብትተወኝ ይሻለኝ ነበር” አልኳቸው።

ቀልዴን አልነበረም። ባሕሩን ብቻዬን ሄጄ ካላየሁት ላየው አልፈለግሁም፤ አምስት ዓመትም አላየሁትም። ወንድሜ ያንን ቃል ይዘው ወደ መሥሪያ ቤታቸው ሳይሆን ወደ ጓሯቸው ገቡ።

በመጀመሪያ ርብራቡን በዶሮ ሽቦ ሸፈኑት። ሽቦው ዝጎ ተበጣጠሰና በብስክሌት በርብራቡ የሚያልፈውን የፖስተኛውን ጎማ አፈነዳ። ቀጥሎ ከቀለጠ ፕላስቲክ ክንድ በክንድ የሆኑ ንጣፎች ሠሩ፤ እርስ በርሳቸው በጥርስ የሚያያዙ፣ ከእንጨቱ ጋር በብሎን የሚታሰሩ፣ አንዱ ቢሰበር እርሱን ብቻ ነቅለው የሚተኩት። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ነገር ግን ውኃው ቶሎ እንዲወርድ ብለው በንጣፉ ላይ ቦይ በመንገዱ ርዝመት ቀደዱ። የብስክሌቱ ጎማ ቦዩን ተከትሎ ሄደ፤ ምስኪኑ ፖስተኛም ከነደብዳቤው ረግረጉ ውስጥ ገባ። ቦዩን አግድም አዞሩት።

ሦስተኛውን ንጣፍ በግቢያቸው በቧንቧ ውኃ እያጠቡ ሞከሩት፤ አላዳለጠም። ርብራቡ ላይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ሲያነጥፉት ግን በወሩ እንደ ሳሙና ሆነ። ጥፋታቸው የገባቸው ያን ጊዜ ነው፤ የሚያዳልጠው ውኃው ሳይሆን ልጋጉ ነው። ስለዚህ ከአጥሩ ሥር ገንዳ አስቀምጠው፣ እርጎ እየመገቡ፣ ልጋግ ማርባት ጀመሩ። ግሌኒስ ለጎረቤት ሁሉ እንዲህ ስትል ትውል ነበር፦ “የሰው ባል ጽጌረዳ ይተክላል። የኔው ጉድ ልጋግ ያደልባል!” ሊንዚም ያደለቡትን ልጋግ ንጣፉ ላይ ቀብተው፣ በካልሲ ብቻ ይራመዱበት ነበር። ስንት ጊዜ እንደወደቁ ወገባቸው ያውቃል። በመጨረሻ ልጋጉ የማይሸፍናቸው ትንንሽ ጉብታዎች ንጣፉ ላይ ቢያወጡ መውደቁ ቀረ።

በኅዳር 1994 መንገዱ አለቀ። ከበራፌ ቆመው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ አንድ እርምጃ ሳይከተሉኝ ላኩኝ። ባሕሩ ዳር ደርሼ አለቀስኩ። ስመለስ ግን “ጉብታው በዛ፤ ጥርሴን አወላለቀው” አልኳቸው። ሳይቀየሙ ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ወዲያ የአካባቢው የብስክሌት መንገድ በሙሉ በእርሳቸው ንጣፍ ተሠራ፤ ከሩቅ የሚመጣ ብስክሌተኛ ሁሉ ሲያመሰግናቸው ጆሮ አይሰጡትም ነበር። እኔ ከባሕሩ በተመለስኩ ቁጥር ግን “እሺ፣ ዛሬስ ምን ጎደለው?” ይሉኛል። እኔም አንድ ነገር አላጣም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን።

ባለፈው ሚያዝያ የቆሽት ካንሰር እንደያዛቸው ታወቀ። ሕመሙን በትዕግሥት ቻሉት፤ ሾርባውን ግን አልቻሉትም፣ ለግሌኒስም በግልጽ ነገሯት። ጥቅምት 15 ቀን ከባሕሩ ተመልሼ አልጋቸው አጠገብ ስደርስ እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ላስደስታቸው ብዬ “ምንም አልጎደለውም። ግሩም መንገድ ነው የሠራኸው” አልኳቸው።

“አንቺም አመሰገንሽኝ? በቃ፣ አልቆልኛል ማለት ነዋ!” አሉኝ።

ፊታቸው ላይ የመጣውን ፍርሃት መቻል አቃተኝ። “ጨርሼ መቼ ተናገርኩ? መታጠፊያው ላይ ያለው ንጣፍ ላልቷል። ልታስገድለኝ ነው እንዴ!” ብዬ ጮኽኩባቸው።

ፊታቸው በራ። ከትራሱ ቀና ብለው “ክሬግ! የግራውን ብሎን ነው፣ አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ያዝ!” አሉ። ክሬግ በዝናቡ ወጣ። ሲመለስም “አጠበቅኩት፣ አባዬ” አላቸው። “እንዲህ ነው እንጂ” ብለው ተኙ።

አቶ ሊንዚ ፓስኮ በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ጥቅምት 17 ቀን 2023 ጠዋት በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት ነጭናጫ እህት ትተው አልፈዋል።

አንድ ነገር ግን በእናንተ ፊት ልናዘዝ። ያ ንጣፍ አልላላም ነበር። ክሬግም ብሎኑን ሲነካው ጥብቅ ብሎ አገኘው፤ ዝናቡ ውስጥ ጥቂት ቆሞ ተመለሰ እንጂ መፍቻውን ከኪሱ አላወጣም። እግዚአብሔር የእኛን ውሸት ይቅር ብሎ፣ የወንድሜን ነፍስ እግር በማይከዳበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።