ነፋሱ ማን ነው?

ደሴ፣ ኅዳር 12 ቀን 1970 ዓ.ም.

ዛሬ ክፍል ውስጥ ምላሴ ጉድ ሠራኝ። ስለ ዕፅዋት ነበር የማስተምረው። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ቁጥቋጦ ጦሳ ተራራ ላይ ሲሆን ነፋስና ውርጭ ስለሚበረታበት መሬት ለመሬት ይሳባል አልኩ። «ቀና ያለው ይቀነጠሳል፣ ያጎነበሰው ይተርፋል፤ ዘር የሚተካውም እሱ ነው።» የቀበሌ ወጣቶች ማኅበር ተመራጭ የሆነው ተማሪዬ ከኋላ ተነሣና፣ «ጓድ መምህር፣ ነፋሱ ማን ነው?» አለኝ። ምንድን ነው አላለም፤ ማን ነው ነው ያለው። «ነፋስማ ነፋስ ነው» ብዬ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለዘይነባ ነገርኳት። «አብሽር፣ ልጅ አይደል፣ ይረሳዋል» አለችኝ። ይህን እያለች መስኮቱን ዘጋችው።

ሳላስተምረው የቀረ አንድ ነገር አለ። ብዙ ትውልድ ካጎነበሰ በኋላ ዘሩን ኮምቦልቻ ወስደው ቢዘሩትም ቀና አይልም፤ ሌላ ዝርያ ሆኗል። ይህን እያሰብኩ ልጄን ሐያትን ለእራት ጠራኋት። ቤቱ ውስጥ ከሦስታችን በቀር ማንም አልነበረም።

«አቤት አባዬ» ያለችኝ በሹክሹክታ ነው።