የተወለወሉት የአባትሽ ሳንቲሞች

አስቱዬ፣

ከሁሉ በፊት ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ። የአባትሽን የእንግሊዝ ሳንቲሞች አበላሽቻለሁ። ሌባ አልገባም፤ ሌላ ሰውም አልነካቸውም። እኔው ነኝ።

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሁለቱን ወር ይህን ልነግርሽ እያፈርኩ ቆየሁ። የሮቤ ስንዴ ታጭዶ ኮምባይነሮቹ ወደ ጎሮ አልፈዋል። የግቢያችን በር አዲስ ቀለም ተቀብቷል። በአልጋሽ በኩል ያለውን መስኮት ዛሬም እንዳንቺ በማለዳ እከፍተዋለሁ።

ለሙት ዓመትሽ ቤቱን ሳሰናዳ ሳንቲሞቹን ከጣሳቸው አወጣሁ። ፎቶግራፍሽ አጠገብ ላኖራቸው አስቤ ነበር። ጠቁረው ባያቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ናስ እንደሚወለወለው፣ በሎሚና በአመድ አሸኋቸው። ሰባቱም አበሩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደረደርኳቸው፤ የተጠቀለሉባቸውንም ወረቀቶች ለብቻ አስተካክዬ አነባበርኳቸው። ሥራዬን አይቼ ደስ አለኝ። እያንዳንዱ ወረቀት የየራሱ ሳንቲም እንደነበረው ትዝ ያለኝ በማግሥቱ ነው።

ወረቀቶቹን የጻፍሻቸው አራተኛ ክፍል ሳለሽ ነበር። አባትሽ ማንበብ አይችሉም ነበርና፣ ጎባ ከቤታችሁ ደጃፍ ተቀምጠው እየነገሩሽ አንቺ ትጽፊ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ለእንግሊዝ ወታደሮች በበቅሏቸው ዕቃ ሲጭኑ ማን ምን እንደሰጣቸው፣ ሁሉም በዚያ በልጅነት ጽሕፈትሽ አለ።

ገመቹን ታስታውሺዋለሽ፤ እኔ ዘንድ ሒሳብ የተማረው፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚያስተምረው። አጉሊ መነጽር ይዞ መጣና አንድ በአንድ አገላብጦ ሲያይ ቆየ። ከዚያ «ቲቸር፣ ማነው ያጠባቸው?» አለኝ። በእኔ ክፍል እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቄው አላውቅም ማለት አልችልም፤ አንገቴን ደፋሁ። አሮጌ መዳብ ከዘመን ብዛት የሚለብሰውን ቡናማ ቆዳ ሰብሳቢዎች አጥብቀው እንደሚፈልጉት፣ አንዴ ከተፋቀም እንደማይመለስ አስረዳኝ። ከሁለቱ ትልልቅ ፔኒዎች በአንደኛው ላይ፣ ከዓመተ ምሕረቱ ጎን፣ በጣም ትንሽ ፊደል አለች። በሌላ ፋብሪካ መመታቱን የምታሳይ ናት አለኝ፤ እንዲህ ያለው ጥቂት ስለሆነ ሳይታሽ ቢቀር ኖሮ ጥሩ ዋጋ ያወጣ ነበር። እኛ ግን መቼም አንሸጣቸውም ነበርና ያ አላሳዘነኝም።

አምስቱን ከወረቀታቸው አገናኝቻለሁ። አንበሳ ያለበት ሺሊንግ በወረቀቱ ላይ «ባለ አንበሳው» ተብሏል፤ ሌሎቹንም በመጠናቸውና በቀለማቸው ለየኋቸው። የቀሩት ሁለቱ ፔኒዎች ናቸው። በሁለቱም ላይ ያው ንጉሥና ያቺው ጋሻ ይዛ የተቀመጠች ሴት አሉ። አንደኛው ወረቀት «የበቅሎዬ ኪራይ» ይላል። ሌላኛው ደግሞ «ሳነቴ ላይ ብርድ መትቶት በበቅሎዬ ያወረድኩት ወታደር፣ ሲለየኝ እጄ ላይ ያኖረው» ይላል።

ልጃችን ሰናይት ይህን ሁለተኛውን ለልጇ ልታስቀምጥለት ጠይቃኛለች። ከአጋርፋ የምትመጣው ቅዳሜ ነው። ገመቹ «አንዱን ይስጧት፣ ማን ያውቃል?» ብሎኛል። እኔ አውቃለሁ። ለልጃችን የአባትሽን ደግነት ብዬ የበቅሎ ኪራይ ልሰጣት አልችልም።

የወታደሩን ሳንቲም አንቺ ሳታዪ በአውራ ጣትሽ ዳብሰሽ ትለዪው ነበር። ምኑ ላይ እንደሆነ ስጠይቅሽ «አንተ በዓይንህ ብቻ ነው የምታውቀው» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ሁለቱንም ደጋግሜ ዳበስኳቸው። ምልክቱን አመዱ ይፋቀው ወይም ጣቴ ይስነፍ፣ አላውቅም።

አባትሽ የነገሩሽን፣ አንቺም የነገርሽኝን ሁሉ በደብተር ጽፌያለሁ። በሕይወት እስካለሁ ለሰናይት ልጅ አነብለታለሁ፤ ስምሽም ከእርሳቸው ስም ጋር ከቤታችን አይጠፋም። ይህችን አንዲቱን ግን ብቻዬን አልቻልኩም። በሕልሜም ቢሆን፣ በፈለግሽው መንገድ፣ የትኛው እንደሆነ ንገሪኝ። እባክሽ አስቱዬ፣ ከቅዳሜ በፊት መልሺልኝ።