መሣሪያው ላይ ቦታ የለም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ አየሩስ፣ ኑሮውስ እንደምን ይዞሃል? ስልክ እንደማታነሣልኝ ስለማውቅ በወረቀት ጠየቅሁህ። እኛ ደህና ነን። እኔ ግን አንጀቴ አሯል። ንዴቴ በርዶልኝ ልጽፍልህ ብጠብቅ አልበርድልኝ ስላለ እንዲሁ ትኩሱን ውሰደው።

ባለፈው ሳምንት የሱቃችን ፕሪንተር ቀጥ አለ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር የፈተና ወረቀት ሊወስድ መጥቶ ባንኮኒው ፊት ቆሟል፤ እኔ «አትም» እለዋለሁ፤ ማሽኑ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ቀለሙን ቀየርሁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ወይ ፍንክች! ያኔ ነው ላንተ የደወልሁት። ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ይህን ሊኑክስ የሚሉትን ፕሮግራም ጭነህልን የሄድህ አንተ ነህና ማንን ልጠይቅ? «አንቺ የነካሽው ነገር መቼ በጎ ሆኖ ያውቃል! ሎጉን አንብቢ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ይባስ ብለህ ለእማማ ደውለህ ሱቁን እየገደልሁት እንደሆነ፣ ቢዘጋ እንደሚሻል ነገርሃት። ርዕሰ መምህሩም ሥራውን ይዞ መንገዱን ተሻግሮ ሌላው ማተሚያ ቤት ገባ።

እሺ፣ አነበብሁልህ። ሎግ ማለት ኮምፒውተሩ የሠራውንም ያቃተውንም የሚመዘግብበት ፋይል መሆኑን ድሮ ራስህ ነግረኸኛል። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ የፕሪንተሩን ሎግ አወጣሁት። አብዛኛው አልገባኝም፤ ግን ለማተም በሞከርሁ ቁጥር አንድ መስመር ይደገማል፦ «መሣሪያው ላይ ቦታ የለም»። የወረቀት ማስቀመጫው የሞላ መስሎኝ እንደ ሞኝ ከፍቼ አየሁ። የኮምፒውተሩ ዲስክ ጢም ብሎ መሙላቱ የገባኝ ኋላ ነው፤ የሚታተመው ጽሑፍ ለአፍታ የሚያርፍባት ጥግ እንኳ አጥቷል። ምን እንደሞላው አቃፊ በአቃፊ ስበረብር ያገኘሁት ያንተን ቪዲዮ ነው። ስልክህ የሚቀርጸውን ሁሉ በኢንተርኔት ወደ ሱቁ ኮምፒውተር እንዲልክ አድርገህ ረስተኸው ኖሯል።

ከፈትሁት። ሙሽራ ሆነሃል! ከረባት አስረሃል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል፣ አጠገብህ ነጭ የለበሰች ልጅ ትስቃለች። ቀኑን ሳየው «ሥራ በዝቶብኛል፣ አትደውሉልኝ» ያልኸን ሰሞን ነው።

እማማ ከኋላዬ መቆሟን አላወቅሁም። ባውቅ ኖሮ እዘጋው ነበር። «እዚያ ላይ አቁሚው» አለችኝ።

ቪዲዮህን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጬ ከዚህ አጠፋሁት፤ ስልክህ የሚገባበትንም በር ዘጋሁት። ፕሪንተሩ ወዲያው ነፍስ ዘራ። ለሙከራ ምን ላትም ስል እማማ ያስቆመችኝን የሙሽራ ምስልህን አሳተመችኝ። ወረቀቱ ሙቀቱ ሳይለቀው ተቀበለችኝና ብዙ አይታህ «ከስቷል» አለች። ቀጥላም የልጅቱን ስም ጠየቀችኝ። ፕሪንተሩን የማጸዳ መሰልሁ።

እንግዲህ ሱቁን ያቆመው ያንተ ድግስ ነው። ይህን በገዛ አፍህ ለእማማ ደውለህ ትነግራታለህ። ካሁን በኋላ ያንተን ውሸት ተሸክማ የምታስታርቅ እህት የለችህም። ሱቁንም አልዘጋውም።

አባባ ነገሩን ከሰሙ ወዲህ ስምህ ሲነሣ ብድግ ብለው ይወጣሉ፤ ያላሉትን ሰላምታ ፈጥሬ አልልክልህም። ታናሿ እህታችን ገና አልሰማችምና እንደ ወትሮዋ ትስምሃለች። እማማም ትስምሃለች፤ ምን ላድርግ፣ እናት ናት። ለ..................ም ከልቤ ሰላም በልልኝ። ልጅቱ ምን አጠፋች? ስሟን አንተው ሙላበት።

እህትህ
ከሱቁ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ