የእትዬ በዛብሽ የሪባን መንገድ

ጥቅምት 6 ቀን 2007
ኬክ ቤቱን መክሰስ አለብኝ። ለአንዲት ቁራሽ ኬክ ሰባት ቋጠሮ! ሪባኑን ሳልቆርጥ ልፈታ ብዬ ጥፍሬ ተሰነጠቀ። ኬኩን እንኳ የበላችው እህቴ እትዬ በዛብሽ ናት። «ቆራሌው ሆነህ አረፍከው» አለችኝ። ትበል። ከስጦታ ካርቶን፣ ከአዲስ ቀሚስ ትከሻ ማንጠልጠያ ሳይቀር ሪባን እሰበስባለሁ።

ዓይኗ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ጨርሶ ጠፍቷል። ልጇ ትንቢት ሐዋሳ ልውሰዳት ትላለች። እትዬ ደግሞ «ከነገሌ የምወጣው በቃሬዛ ነው።» ብቻዋን መንቀሳቀስ ብትችልስ? ትንቢት ትተዋት ይሆን?

ጥቅምት 8
ገመድ እጅ ይልጣል፤ ሪባን አይልጥም። ቀጣጥዬ ከበሯ ጀምሮ በግቢዋ ወጠርኩት። ለስላሳው ወደ ኩሽና፣ ሻካራው ወደ ሽንት ቤት። ቋጠሮ ካለ ደረጃ አለ። እየዳበሰች ሄደች፤ ተመለሰች። ሦስት ጊዜ!
«አንተ፣ እንደ ታክሲ ታፔላ አወጣህልኝ!»

ጥቅምት 11
እጄን በቆረጠው። ለሳቅ ብዬ የኩሽናውን ሪባን በግቢዋ ፓፓያ ዛፍ ዙሪያ ሁለቴ አዞርኩት። መጀመሪያማ ሳቀች፤ «ኩሽናው ሸሸ እንዴ?» እያለች። ከዚያ ዝናብ ያራሰው ቀይ አፈር አንሸራተታት...

ጎረቤታችን ዶዮ ሮጦ አነሳት። «ናጋ? ደህና ነዎት?» አላት። «ናጋ» አለች፤ የግራ እጇ ግን አብጧል። ወደ እኔ ዞረ። «አንቱ፣ ሽማግሌ ነዎት ወይስ ሕፃን?»


ጥቅምት 12
ስብራት አይደለም፤ ወለምታ ነው። ተመስገን። ትንቢት ግን ሰምታለች። በስልክ፣ «አጎቴ፣ እርስዎ አሉላት ብዬ ነበር እኮ የተውኳት። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ።»
ሪባኑን ሁሉ ፈታሁ። በፌስታል አድርጌ በሯ ላይ አስቀመጥኩና መንገዱን ተሻግሬ ወደ ቤቴ ገባሁ። እትዬ አላናገረችኝም።

ጥቅምት 14
ሐዋሳ ማንን ታውቃለች? እዚህስ እኔን ማን ይሰድበኛል? ከቤቷ ያስወጣኋት እኔው ነኝ...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ትንቢት ገብታለች። ከሚኒባስ ስትወርድ በመስኮት አየኋት። ሄጄ ሰላም ልበላት? በምን ፊቴ? ይሄኔ ልብስ እያጣጠፈች ይሆናል...

ይህን ስጽፍ በሩ ተንኳኳ። ትንቢት ልትወቅሰኝ መጣች ብዬ ከፈትኩ።

እትዬ በዛብሽ! ብቻዋን። የግራ እጇ በጨርቅ እንደታሰረ፣ በቀኟ የሪባን ጫፍ ጨብጣለች። ሪባኑ ከኋላዋ መንገዱን አቋርጦ እስከ ቤቷ በር ተወጥሯል። ባጃጅ ፊቱ ቆሟል፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ያያል። ትንቢት ወዲያ ማዶ በሩ ላይ አፏን ይዛ ቀርታለች።

«መምጫውንማ ሠላሳ ዓመት ተመላልሼበታለሁ» አለች እትዬ። «ይሄ ለመመለሻዬ ነው። አንተ ስለምታጣምም ራሴ ቀጣጠልኩት።»
እኔ ሪባኑን በጣቴ ዳበስኩት።
«አትነካካው! ልጅቷን ጥራትና ሻይ አጠጣት። ነገ ብቻዋን ነው የምትሄደው።»