የወፉን ድምፅ እዚህ ቤት አትክፈቺው

እቱ፣

መኪናው በር ላይ ነው፤ ወደ መስክ መውጣቴ ነው። ሰኞ ክፍሌን አንቺ ያዢልኝ። ለብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኮርስ ከኢንተርኔት በነፃ ያወረድኳቸው ስላይዶች ፍላሹ ላይ አሉ፤ ተማሪዎቹም ይገልብጧቸው።

የወፉን ድምፅ ግን ክፍል ውስጥ ብቻ ክፈቺው። ዘሩ ከመጥፋቱ በፊት፣ የመጨረሻው ወንድ ወፍ ሴቷን ሲጣራ የተቀዳ ነው። ስትለማመጂ መስኮቱን ዝጊ ብልሽ አልሰማሽኝም፤ ይኸው አሁን ጣሪያችን ላይ የሆነ ወፍ ድምፁን ለምዶ እንደሱ ይጣራል።

መቼም ወፍ ነው እላለሁ።

ትናንት በንዴት የተናገርኩሽን... እሱን ስመለስ እንነጋገራለን።

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩ ተዘግቶ፣ አንቺም ተኝተሽ ያ ድምፅ ከጣሪያው ተጣራ። አንቺ የጠራሽኝ መስሎኝ "አቤት!" አልኩ።

ጸጥ አለ። ዕድሜ ልኩን ተጣርቶ መልስ ያገኘው ገና ዛሬ ነው።

ደግሞ ቢጣራ አንቺ ዝም በዪ። የሚፈልገው እኔን ነው።