ከሌዲ መውጣት ያቃተኝ ወራት

ኅዳር 8
የቅዳሜዋ «እንግሊዝኛ በጥቂቱ» አምዴ በጋዜጣችን ወጣች። በሌዲ የሚጀምሩ ቃላት ብቻ። ሌዲበርድ፤ ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ። ሌዲስ ፊንገር፤ እንግሊዞች ባሚያን፣ አሜሪካኖች ደግሞ ፓስቲቸሪያ ኬክ ቤት የሚሸጠውን ረጅም ብስኩት ይሉታል። ዋና አዘጋጁ ከበደ «ባሚያና ብስኩት በዜና ገጽ?» አለ። ጽሑፌን በታይፕ የምትመታልኝ ፍረወይኒ ግን ሳቀች። ቃላቱን የመረጥኩት ለሷ ሳቅ ብዬ ነው? አይደለም... ነው እንጂ።

ኅዳር 11
ፍረወይኒ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ለስልክ ሠራተኝነት ልትፈተን ነው። ከውጭ አገር ሴቶች ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ማወቅ ፈልጋለች። ሌዲ እንዲቀጥል ወሰንኩ። በደንብ ባስተማርኳት መጠን ቶሎ እንደምትሄድ የገባኝ ወደ ማታ ነው። ጋዜጠኛ ነኝ እኮ።

ኅዳር 15
ሌዲ ኢን ዌይቲንግ፤ የቤተ መንግሥት ደንገጡር። ሌዲ ኪለር፤ ሴቶች የሚሞቱለት መልከ መልካም።
«ሰው ገድሎ ነው?» አለች ፍረወይኒ።
«በመልኩ ነው የሚገድል።»
ከጫማዬ እስከ መነጽሬ አየችኝ። «አይዞዎት አቶ ወንድይራድ፣ እርስዎን ማንም አይከስዎትም።»
ቀጥላ፣ «ሌዲ በትግርኛ ምንድነው?»
መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ።
«አስመራ ስንት ዓመትዎ ነው?»
ሰባት። ወደ ታይፗ ተመለሰች።

ኅዳር 19
አለፈች። በታኅሣሥ ትሄዳለች።
ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ሻሂ የሚሸጠው የወሎው ሑሴን ፊቴን አይቶ አውጣጣኝ።
«ወንዴ፣ ይህን ሁሉ ሌዲ ለአገር ሙሉ ስትጽፍ ለልጅቷ ምንም አላልካትም?»
«አላልኳትም።»
«በል ሽማግሌ እንላክ። አብሽር፣ እኔ አለሁ።»
ከበደ ሁለተኛ። ሦስተኛው ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነው ሻምበል አሳምነው። የደንብ ልብሱን እንዲለብስ የለመንኩት እኔ ነኝ። ለክብሯ ብዬ። ቆቡን በእጄ ቦረሽኩት።

ኅዳር 23
እሑድ። ሽማግሌ የሚሄደው ጠዋት፣ አባት ከቤት ሳይወጣ ነው። ሑሴን ሻሂ ቤት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ቶሎ ተመለሱ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።
ሑሴን ነው የነገረኝ። ሻምበሉ ከፊት ሆኖ አንኳኳ። ከውስጥ «መን ኢዩ?» ሲባል፣ ወታደሮቹን በሚያዝዝበት ድምፅ «ክፈቱ፣ ለጉዳይ ነው» አለ። ከጓሮ ቆርቆሮ ተንኳኳ... የፍረወይኒ ታናሽ ወንድም አጥር ዘልሎ ሮጠ። አባትየው በባዶ እግራቸው ወጡ፣ መታወቂያቸውን ዘርግተው። ከበደ የሽምግልናውን ንግግር ጀመረ። ሰውየው አልሰሙትም። «ልጄ ተማሪ ነው» ብቻ ይላሉ። «ልጄ ተማሪ ነው።»
ቆቡን ቦረሽኩት እኮ።

ኅዳር 24
ፍረወይኒ ገባች። አልተቀመጠችም።
«ወንድሜ ከከተማ ውጭ ዓዲ ጓዕዳድ አክስቴ ቤት አደረ። በካልሲው ነው የሄደ።»
«እኔ ለክብርሽ ብዬ...»
«ክብር ወታደር አስቀድሞ ነው የሚመጣ?»
«ምን አጥፍቶ ሮጠ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሃያ ዓመት ዜና የጻፍኩ ሰው፣ ይህን።
«ምንም። ጋዜጣዎ አያወጣውም እንጂ በኛ ሰፈር ወታደር ሲያንኳኳ ያልሮጠ ልጅ የለም።»

ኅዳር 30
ብቻዬን ሄድኩ። እኩለ ቀን ላይ፣ ያለ ከረባት። አባቷ ኣቦይ ፍስሃየ ከባቡር ጋራዥ በጡረታ የወጡ ናቸው። ሑሴን ያስጠናኝን የይቅርታ ቃል በትግርኛ አወረድኩት። እስክጨርስ ታገሡ። ከዚያ ሳቁ... ብዙ ሳቁ።
«ማን አስተማረህ?»
«ሑሴን።»
«ይሄ የወሎ ትግርኛ ነው።»
ልጁ ተመልሷል። ሰላም ብሎኝ ገባና በሩን ዘጋ። ስለ ጋብቻው ስጀምር ኣቦይ ፍስሃየ እጃቸውን አነሡ።
«የሷን ነገር እሷን ጠይቃት። የእኔን ከጠየቅከኝ፣ የቤቴን ቋንቋ የማይሰማ አማች ይዤ ከማን ጋር ልጫወት ነው? እሑድ እሑድ ና።»

ታኅሣሥ 12
አውቶቡስ ፌርማታ። ሻንጣዋን ተሸከምኩ። ጠየቅኳት። በአፌ፣ ያለ ሽማግሌ። ሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱ ብቻ ወጣ፣ እሱም ግማሹ።
ሹፌሩ ሲጠራ ፍረወይኒ ሻንጣዋን ተቀበለችኝ።
«ኣይፋል አላልኩም። እወም አላልኩም።» እምቢም እሺም አላለችም ማለት ነው። «ኣቦይ ትግርኛዎ ይበቃል ያለ ቀን ይደውሉልኝ። ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ።»
አውቶቡሱ ሄደ። ከበደ ቢሮ ሲጠብቀኝ ቆይቶ «አሁንስ ከሌዲ ወጣን?» አለ።

ጥር 26
ሴት ልጠይቅ ሄጄ አባቷን አገባሁ። እሑድ በመጣ ቁጥር ኣቦይ ፍስሃየ ቤት ነኝ። የትግርኛዎቹ ዐ እና ሐ አልወጣ ብለውኛል። ታናሽ ወንድሟ ጉሮሮውን ይዞ ከየት እንደሚወጣ ያሳየኛል፤ ሳይሆንልኝ ሲቀር እናቱን ጠርቶ ያሰማቸዋል። አሁን በሩን አይዘጋም።
ዛሬ ኣቦይ ፍስሃየ ያንን የሽምግልና ጠዋት በትግርኛ እንድተርክ አዘዙኝ። ከማንኳኳቱ ጀመርኩ። ስለ ቆቡም፣ ማን እንደቦረሸው ጭምር ተናገርኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ ቃል አጣሁ... ልጁ ቀበል አድርጎ ራሱ ዘለለልኝ፣ በካልሲ ስለ መሮጥም ነገረን። እናቱ አልሳቁም።
«ይኣክል'ዶ?» አልኩ። ይበቃል ወይ ማለቴ ነው።
«ገና» አሉ ኣቦይ ፍስሃየ።
ልጁ እስከ አጥሩ በር ሸኘኝ። ወደ ቤት ዞር ብሎ አባቱ እንደማይሰሙ አየና፣ «ለማንኛውም ደውልላት» አለኝ።
ነገ ቴሌፎን ቤት ሲከፈት እሄዳለሁ። ቤቴ እስክደርስ የምላትን ስለማመድ መጣሁ፣ በሁለቱም ቋንቋ።