ጉበቱን የወሰደችው ጭልፊት

እሑድ፣ ፋሲካ

ጭልፊት በዓይኔ ብቻ ከሰማይ አወርዳለሁ። እሺ፣ ዛሬ ያወረዳት የእኔ ዓይን ሳይሆን የበሬ ጉበት ነው።

አሥር ሆነን ቅርጫ ገባን። ሥጋው በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ አሥር መደብ ሆኖ ተደርድሯል። ሰዎቹ ቆዳውን ሊወጥሩ ሄዱ፤ ጠባቂው እኔ። ከኋላዬ ሽው አለ። ዞር ስል ከአንዱ መደብ ጉበቱ የለም፤ እሷ ከጣሪያ በላይ ናት። እጣ ሲወጣ ያ መደብ ለማን ይድረስ? ለአያ ታከለ! ለሰፈሩ ነገረኛ ሽማግሌ።

«ጭልፊት ነው የምትለኝ? አፍህን ጥረግ!» አለኝ በሰው ፊት። ሁሉም ሳቀ። በእኔ! ሰፈሩን የማስቀው እኔ ነበርኩ።

ሰኞ

መንገድ ላይ «ማሩ ጉበቴ» ይሉኝ ጀመር። አያ ታከለ ለዳግም ትንሣኤው ቅርጫ ስሜ እንዳይገባ ቤት ለቤት እየዞረ ነው። ሌባ ተብዬ ከቅርጫ ከወጣሁ ነገ ለደቦ ማን ይጠራኛል?

ሁለቱንም እበቀላለሁ። መጀመሪያ ወፏን። ወንጭፌን አወጣሁ።

ማክሰኞ

ቤቷን አገኘሁት! ከወንዙ ማዶ፣ ትልቁ ሾላ ጫፍ ላይ። ከሥሩ ያገኘሁት፦ የዶሮ ላባ፣ የአይጥ ጭራ፣ አንድ እግር ካልሲ። ጉበት የለም። ታዲያ ልታስቀምጥልኝ ኖሯል?

ምንቃሯ ቢጫ ነው። ጭራዋ እንደ መንሽ ለሁለት የተከፈለ፤ ስትታጠፍ እንደ ባጃጅ መሪ ታጣምመዋለች። ቁራ ሲያሳድዳት አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ወነጨፍኩ። ሳትኩ። ነፋስ ነበር። ትንሽ ነፋስ።

ረቡዕ

ብርቄ፣ ሚስቴ፣ ወንጭፉን ደብቃዋለች። «ምነው?» ብላት፣ «ወፏን ከገደልክ ማን ይመሰክርልሃል?» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስጠርብ አሰብኩበት። ሸጋ ጭንቅላት አላት፤ አልነገርኳትም። ወፏን ምሬያታለሁ። የእሷም ቅጣት ወደ አያ ታከለ ተዛውሯል።

ዓርብ

ትናንትም ዛሬም ሾላው ሥር ዋልኩ። ከማታ ትምህርት ቤት የተረፈኝ ደብተር ለዚህ ጠቀመ። የጻፍኩት፦ ቀና ብሎ የሚያያትን አትደፍርም። ከጀርባ፣ ከፀሐይ በኩል ትመጣለች። ጎንበስ ያለ ሰው ትወዳለች።

አያ ታከለ ቆይ!

እሑድ፣ ዳግም ትንሣኤ

ስሜን ማስወጣት አልሆነለትም፤ ጥበቃውን ግን ራሱ ያዘ። «ዛሬ ክንፍ ያለው ጉበት ካለ እናያለን!» አለ ዱላውን እየነቀነቀ።

እኔም እንደ ጨዋ ሰው፣ «አያ፣ ጀርባዎን ለፀሐይ ይስጡ፤ ዓይንዎን ይወጋዎታል» አልኩት።

አመነኝ። ከመደቡ ላይ ዝንብ ሊያባርር ጎንበስ ሲል ሽው! የበሬው ኩላሊት ሄደ። ዱላው በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁ፤ ስምንት ቀን ያጠራቀምኩት ነበር።

ከዚያ አያ ታከለ በሁሉም ፊት፣ «ልጄ ማሩ፣ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አለኝ።

አሁን ደግሜ ሳነበው አፈርኩ። በዚህ ደብተር ውስጥ ከራሴ የፈጠርኩት ይህችን አንዷን ነው። አላለም። ያደረገው ይኸ ነው፦ ኩላሊት የጎደለውን መደብ እጣ ሳይጣል «ይኸ የኔ ነው» ብሎ ወደ ራሱ ሳበ። ቀጥሎ ቢላውን በእጀታው በኩል ዘረጋልኝ።

«በል፣ የቀረውን ጎድን አንተ መድብ» አለኝ። ዓይን ዓይኔን ግን አላየኝም።